ላንድክሩዘር ላይ የውኃ ታንከር መግጠም

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዳናኪል ለሚወርድ ላንድክሩዘር 60 ሊትር ታንከር ማስገጠም አስቤያለሁ። ፖርቶመጋላ (ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ) ላይ ይሻላል ወይስ ውስጥ?

መልስ 1፦ ፖርቶመጋላውን እርሳው ወንድሜ። 60 ሊትር ማለት 60 ኪሎ ነው፤ ከላይ ሲሆን መኪናው ኩርባ ላይ ያጋድላል። ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ አድርገው። ማሰሪያውን ወለሉን በሚያልፍ 8 ሚሊሜትር ብሎን እሰር፤ ከስር ሰፊ ሮንዴላ (ብሎኑ የሚያልፍበት ጠፍጣፋ ቀለበት) ካልገባ ላሜራው ይቀደዳል። ከመብሳትህ በፊት ግን የነዳጅና የፍሬን ቱቦው በየት እንደሚያልፍ ከስር ገብተህ እይ።

መልስ 2፦ መተንፈሻ ቱቦ ከሌለው ፓምፑ ሲስብ ታንከሩ ይጨማደዳል፣ ውኃውም ይቆራረጣል። ፓምፑ 12 ቮልት ከሆነ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን።

መልስ 3፦ የኬሚካል በርሜል አጥቦ መግጠም የለም! ለመጠጥ ውኃ የተሠራ ፕላስቲክ ግዛ፣ ውስጡ የውኃውን መናጥ የሚቀንስ መከፋፈያ ያለው። ውኃው ክፉኛ የሚናጠው ግማሽ ሲሆን ነው።