ጥቆማ፦ አዲስ አበባ ቤት ለመግዛት ከአሜሪካ ገንዘብ በምን ይላካል?

«ሰሚት ኮንዶሚኒየም ልገዛ ነው፣ ሻጩ በሁለት ሳምንት ጨርሺ ይለኛል፣ ዶላሩን በምን ልላክ» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ለብቻሽ ልጽፍልሽ ጀምሬ ረዘመብኝ፣ ብዙ ሰውም ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ላስቀምጠው። እኔ አምና ነው የገዛሁት፣ ሲኤምሲ ባለ ሁለት መኝታ፣ እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብዬ በእህቴ ውክልና። በአፕም በባንክ ዋየርም (ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ) ልኬ አይቻለሁ፣ በሰው እጅም፣ ማለት በጥቁር ገበያ (አልዋሽም) ተነጋግሬ ጨርሼ ነው የተውኩት።

አፖቹ፣ ማለት ሬሚትሊ፣ ሰንድዌቭ፣ ታፕታፕ፣ ዌስተርን ዩኒየን ምናምን፣ ለእማዬ ወርሃዊ ለበዓል ዶሮ ከሆነ አሪፍ ናቸው። ፊ (የመላኪያ ክፍያ) የለንም ቢሉሽም ትርፋቸው ምንዛሬው ውስጥ ስላለ ፊውን ተይውና «1000 ዶላር ብልክ ስንት ብር ይደርሳል» የሚለውን ብቻ በአንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ከፍተሽ አወዳድሪ። ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጡት ሬት ደግሞ ለመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ነው፣ በሱ እንዳታሰዪ።

ለቤት ግን አልመክርም። ሊሚት አላቸው፣ እኔ እየከፋፈልኩ እልክ ነበር፣ አራተኛው ላይ አንዱ አፕ (ስሙ ይቅር) ቀጥ አደረገው። ደመወዝ ስሊፕ አሉኝ፣ ላክኩ። የባንክ ስቴትመንት አሉኝ፣ ላክኩ። የምትገዛው ቤት ውል አሉኝ፣ ላክኩ፣ «በእንግሊዝኛ አይደለም» ብለው መለሱት። ዘጠኝ ቀን! ሻጩ በየማታው ይደውላል፣ «ወንድሜ ሌላ ገዢ አለኝ እኮ፣ ላንተ ብዬ ነው» ይለኛል፣ ቀብድ ሰጥቻለሁ፣ ገንዘቤ ደግሞ እዚህም የለም እዚያም የለም። ቀብድ እኮ ቀልድ አይደለም፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሰጠው ከተወ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ከምንም በላይ የምለምንሽ፣ ገንዘቡ አዲስ አበባ ገብቶ በአይንሽ ሳታዪ ቀብድ እንዳትሰጪ።

እና በዋየር ነው የሚሻለው። መጀመሪያ በራስሽ ስም የዲያስፖራ አካውንት ክፈቺ፣ ንግድ ባንክም አዋሽም ዳሽንም አቢሲንያም አላቸው፣ በዶላር ማስቀመጥም ይቻላል፣ ያኔ ሻጩን ጨርሰሽ ስታበቂ ትመነዝሪያለሽ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) ወዲህ ዶላር በገበያ ስለሆነ (57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል፣ ታስታውሻለሽ) የየባንኩ ሬት ይለያያል፣ በየቀኑ ዌብሳይታቸው ላይ ይወጣል፣ አካውንት ከመክፈትሽ በፊት ለአንድ ሳምንት ተከታተያቸው። እዚህ ያለው ባንክሽ ለዋየሩ ከ40 እስከ 50 ዶላር ቢወስድ ነው፣ ለምሳሌ ለ60 ሺህ ዶላር ምንም ማለት አይደለም። መሃል ላይ ያለው አገናኝ ባንክ ግን ይቆርጣል፣ ሙሉውን ክፍያ ላኪ ይሸፍን የሚለውን ካላስመረጥሽ ጎድሎ ይገባል፣ የኔ 25 ዶላር ጎድሎ ገባ።

ስም! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያልቀው። አሜሪካ ፓስፖርትሽ ላይ ያንቺና የአባትሽ ስም ነው ያለው፣ አዲስ አበባ አካውንቱ በሶስት ስም ተከፍቷል፣ ወልደማርያም አንዱ ጋ ተያይዞ ሌላው ጋ ተለያይቶ ይጻፋል፣ በቃ ዋየሩ ይቆማል። የእንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል ከባንኩ በኢሜይል አስልኪ፣ እሱኑ ኮፒ አድርጊ። ከዛ መጀመሪያ 200 ዶላር ላኪና ሲገባ ዋናውን አስከትዪ። ከባንክሽ የስዊፍቱን (ዋየሩ መላኩን የሚያሳየውን ወረቀት) ቅጂ ተቀበይ፣ አልገባም ሲሉሽ የሚፈለገው በሱ ነው።

እንደኔ በእህትሽ በኩል ከሆነ የምትገዢው፣ ውክልናው ላይ «ቤት እንድትገዛ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ እህትሽ ባንክ ሄዳ ተመልሳ ትመጣለች። «በስሜ ካለው ሂሳብ ገንዘብ እንድታወጣ፣ ሲፒኦ እንድታሰራ» የሚል በግልጽ ይግባበት (ሲፒኦ ባንኩ ራሱ የሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ ነው)። ኤምባሲ አሰርተሽ ስትልኪው ደግሞ ውጭ ጉዳይ ከዛ ሰነዶች ማረጋገጫ አለ፣ ቀን ይበላል፣ ከዋየሩ በፊት ጀምሪው። ክፍለ ከተማ ሄዳ እግድ እንደሌለበት ታጣራ፣ ክፍያውን በሲፒኦ አድርጉት፣ ፊርማው ሰነዶች ላይ ሳያልቅ ሲፒኦው ከእህትሽ ቦርሳ እንዳይወጣ። የኔዋ እስከ መጨረሻው ፊርማ በሁለት እጇ ይዛው ነበር፣ ሻጩ «እህቴ አልነጥቅሽም» እስኪላት።

በሰው እጅ ላኩ ለሚሉሽ፣ ድሮ ከባንኩ ምንዛሬ ጋር እጥፍ ልዩነት በነበረበት ጊዜ ሰው ቢፈተን ይገባኛል፣ አሁን ግን ልዩነቱ ከያኔው ጠቧል። ሕገወጥም ነው፣ ዶላሩ ስለመግባቱ ወረቀት የለሽም፣ ሰውየው ስልኩን ቢዘጋ ማንን ትከሺያለሽ?

የአሜሪካውን ነገር ባጭሩ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ያለው 1 ፐርሰንት ታክስ በካሽ፣ በመኒ ኦርደርና በመሳሰለው ለሚላክ ነው፣ ከባንክ አካውንትሽ ወይም በአሜሪካ ዴቢት ካርድሽ ከላክሽ አይነካሽም። ውጭ ያለው ሂሳብሽ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳን በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ግን ኤፍባር (FBAR፣ የውጭ ባንክ ሂሳብ ማሳወቂያ ፎርም) መሙላት አለብሽ፣ ታክስ አይደለም፣ ሪፖርት ነው፣ ታክስ የሚሰራልሽን ሰው አስታውሺው፣ የኔው ረስቶት ነበር።

ሰሚት ያልሽው ደግሞ ስንተኛ ፎቅ ነው? ውሃው እዛ ድረስ ይወጣ እንደሆነ እህትሽ ጠዋት ሄዳ ቧንቧ ከፍታ ትይ፣ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤት ትጠይቅ።