«ቁንጫው ያው ነው» ብዬ ድመቴን የውሻ መድኃኒት ቀባኋት

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦

ጤና ይስጥልኝ እህት ወንድሞች። እዚህ የምንወያየው ብዙውን ጊዜ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ግሪን ካርድ ነው፤ የድመት ነገር ይዤ በመምጣቴ የሚስቅ ካለ ይሳቅ።

ባለፈው መስከረም አዲስ አፓርታማ ገባን። ወለሉ ሁሉ ምንጣፍ ነው፤ ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ውሻ ነበረው አሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላን የልጆቹ ቁርጭምጭሚት ተነክሶ ቀላ፤ ድመታችን ቡናም ራሷን ስታክ ውላ ስታክ ታድራለች። ለድመት የተባለውን የማጅራት ጠብታ ከሱቅ ገዝቼ አደረግሁላት። በአራተኛው ቀን ቁንጫው ካልሲዬ ላይ ሲዘል አየሁት። ውሻ ያለው ጎረቤታችን የተረፈ ጠብታ ነበረውና ሰጠኝ። ቁንጫ እንደሆነ ያው ቁንጫ ነው አልሁ። ውሻው ትልቅ፣ እሷ ትንሽ ስለሆነች ደግሞ ግማሹን ብቻ ማጅራቷ ላይ አፈሰስሁ። መጠንቀቄ ነበር።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ጆሮዋ ይርገበገብ ጀመር። የበረዳት መስሎኝ ጋቢ ደረብሁላት። ቀጥሎ የፊቷ ቆዳ፣ ከዚያም የኋላ እግሮቿ ተንቀጠቀጡ። ውኃ ልትጠጣ ጎንበስ ስትል አገጯ ከሸክላ ሳህኑ ጋር ይጋጭ ነበር፤ ያ ኳ ኳ የሚል ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። በሌሊት ድንገተኛ የእንስሳት ሕክምና ወሰድናት፤ ሁለት ሌሊት አድራ ተረፈች። ሂሳቡን ባልናገረው ይሻላል፤ ባለቤቴም ይህን ያነባል።

ቁንጫው ግን ከቤታችን አልወጣም። አሁን ምን ልጠቀም? ዕቃው ላይ የትኛውን ቃል ነው ፈልጌ የማነበው?

ከሚኒያፖሊስ፦

እህቴ፣ እንኳን ተረፈችልሽ። በእንስሳት ክሊኒክ የሐኪም ረዳት ሆኜ ስሠራ ስምንት ዓመቴ ነው። ሙቀቱ ሲጀምር እንደ አንቺ ያለ ሰው ሳይመጣ የቀረበት ዓመት የለም፤ ሁሉም «ትንሽ ብቻ ነው ያደረግሁት» ይላል።

በአንዱ ነገር ልክ ነሽ፤ ቁንጫው እውነትም ያው ነው። ውሻ ላይ የሚገኘውም በአብዛኛው የድመት ቁንጫ ተብሎ የሚጠራው ዝርያ ነው። የሚለየው ጉበቱ ነው። በብዙ የውሻ ጠብታዎች ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ ማጥፊያ አለ፤ መጠኑ ከ45 እስከ 65 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የውሻ ጉበት አጣርቶ ያስወግደዋል። ድመት ግን ለዚህ የሚያስፈልገው ኢንዛይም በጣም ስለሚያንሳት መርዙ ሰውነቷ ውስጥ ይቆይና ነርቮቿን ያውካል። ግማሽ ማድረግሽ ያልጠቀማትም ለዚህ ነው። ራስሽ አስይው፦ 45 በመቶ ፐርሜትሪን ካለው ፈሳሽ አንዲት ሚሊ ሊትር 450 ሚሊ ግራም ትይዛለች፤ 4.5 ኪሎ ለምትመዝን ድመት በኪሎ 100 ሚሊ ግራም ደረሳት ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጊው ቃል ፐርሜትሪን ነው፤ ካየሽው መልሰሽ አስቀምጪው። የአንዱ ኩባንያ የውሻና የድመት ካርቶን በቀለም መንታ ይመስላል፤ ስለዚህ ሥዕሉን ብቻ አትመኚ፤ «ለድመት» የሚለውን፣ ክብደቱንና ዕድሜውን አንብቢ። ለድመት ተብለው የተዘጋጁ ፊፕሮኒል፣ ኢሚዳክሎፕሪድ ወይም ሰላሜክቲን ያላቸው ጠብታዎች ጤነኛ ለሆነች አዋቂ ድመት በመጠናቸው ሲሰጡ ብዙ ጊዜ ችግር አያመጡም። ሰላሜክቲን በሐኪም ትእዛዝ ነው የሚሸጠው። ፍሉራላነር የሚባለው የቁንጫ መድኃኒትና ዘመዶቹም ጥሩ ይሠራሉ፤ ሆኖም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አሳስቧል፤ ቡና አሁን ካለፈችበት አንጻር ሐኪሟን ሳትጠይቂ አትጀምሪው። ከሱቅ ያለ ትእዛዝ የሚገዙት ጠብታዎችና የአንገት ማሰሪያዎች አብዛኞቹ በዚህ አገር ሕግ እንደ ፀረ ተባይ ስለሚቆጠሩ የሚቆጣጠራቸው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው፤ እንደ መድኃኒት የሚታዩት እነ ሰላሜክቲን ናቸው።

አሁን ወደ ካልሲሽ ልመለስ፤ ጥፋቱ የጀመረው እዚያ ነውና። ያ ቁንጫ የታየሽ የመጀመሪያው ጠብታ ሳይሠራ ቀርቶ አልነበረም። ቤት ውስጥ ካለው ቁንጫ እንስሳው ላይ የሚገኘው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ይባላል፤ ቀሪው እንቁላል፣ እጭና ሙሽሬ (ከእጭ ወደ ቁንጫ የሚለወጥበት ደረጃ) ሆኖ ምንጣፉ ውስጥ ተኝቷል። ሙሽሬው ድር ለብሶ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ መርዝም በቀላሉ አይደርስበትም። የሰው ርምጃና ሙቀት ሲሰማው ይፈለፈላል። ምንጣፉን በየቀኑ በማሽን ጥረጊ፣ የተጠረገውን ወዲያው ከቤት አውጪ፣ የምትተኛበትን ጨርቅ በሙቅ ውኃ እጠቢ፣ የድመቱን ጠብታም በየወሩ እስከ ሦስት ወር ቀጥይ። በመካከሉ ቁንጫ ስታዪ በላዩ ሌላ አትጨምሪ።

እንዲህ ያለ ነገር ለሚደርስበት ሌላ ሰው፦ መንቀጥቀጥ ሳይጀምራት የደረሰ ሰው ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠባት። ሙቅ ውኃ መርዙን በቆዳ ያስገባል፤ ቀዝቃዛው ደግሞ መንቀጥቀጡን ያባብሰዋል። ከዚያ አድርቆ ጠቅልሎ፣ ካርቶኑን ይዞ ወደ ሐኪም። ምልክቱ በሰዓታት ውስጥም፣ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል። መንቀጥቀጥ ከጀመራት ግን ለማጠብ ጊዜ አታባክኑ፤ በቀጥታ ሂዱ።

ከአትላንታ፦

ልጆቼ፣ ይህ ሁሉ ኬሚካል ምን ያደርጋል? በአገራችን ቁንጫ ሲበዛ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጎዘጎዝ ነበር። እዚህ ዘይቱ በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ጠብ አድርጋችሁ ቀቧት።

ከሚኒያፖሊስ፦

ጋሼ፣ ቅጠሉን እኔም አውቀዋለሁ፤ አያቴ ቤት ስንገባ ሽታው በር ላይ ይቀበለን ነበር። ዘይቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የባሕር ዛፍም ሆነ ቲ ትሪ የሚሉት ዘይት ለድመት መርዝ ነው፤ የተቀባችውን ደግሞ ልሳ ትጨርሰዋለች። ሰዎች ለቁንጫ ብለው የሚሰጡት ነጭ ሽንኩርትም ቀይ የደም ሕዋሷን ይጎዳል። የአያቴ ድመት ሽታው ካልተመቻት በሩ ክፍት ነበር፤ የአፓርታማ ድመት ወዴት ትወጣለች?

ከአትላንታ፦

እሺ ልጄ፣ ተቀብያለሁ። ለጉንፋን እጠቀምበታለሁ።

ከለንደን፦

ውሻም ድመትም አብረው ለሚኖሩባችሁ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ድመቷን ሳይሆን ውሻውን ነበር የቀባነው፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ሆዱ ላይ ተለጥፋ ነው የምትተኛው። ሐኪማችን ሦስት ቀን ለዩአቸው አለን። ሁለቱም በር ለበር ሆነው አለቀሱ፤ እኛም አልተኛንም፤ ቢሆንም ምንም አልደረሰባትም።

ባዶውን ቱቦ በቧንቧ አታጥቡ። እዚህ ብሪታንያ ወንዞች ውስጥ ፊፕሮኒልና ኢሚዳክሎፕሪድ ተገኝተዋል፤ የቤት እንስሳ መድኃኒት ከምንጮቹ አንዱ ነው ይባላል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥርሱ የጠበቀ የቁንጫ ማበጠሪያ ገዛሁ። ዛሬ ጠዋት ማጅራቷን ሳበጥር እንደ ቁንዶ በርበሬ ደቃቅ የሆነ ጥቁር ነገር ወጣ። እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ሳራግፈው ዙሪያው ቀላ፤ ለካ የቁንጫ ኩስ፣ ማለትም የራሷ ደም ኖሯል። ትናንት ስምንት ነጠብጣብ ነበር፤ ዛሬ ሦስት። ጎረቤቴ የቀረውን ጠብታ ሊሰጠኝ ሲመጣ ካርቶኑ ላይ ድመት በቀይ መስመር ተሰርዛ ተስላ አሳየሁት፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ ነበር።