«ሳይንቲስት» የሚለውን ቃል ማን ፈጠረው?

መምህሩ ከደብረ ብርሃን፦ ጤና ይስጥልኝ። የሳይንስ ክበባችን ዓርብ ለሚሰቅለው የግድግዳ ጋዜጣ «ሳይንቲስት» ስለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። ተማሪዎቼ «ኒውተን ራሱን ሳይንቲስት ብሎ ይጠራ ነበር» ብለው ጽፈዋል። ትክክል ነው? ሥሩ ላቲን መሆኑን አውቃለሁ፤ ያጣሁት ማን፣ መቼ እንዳመጣው ነው።

መዝገበ ቃላት፦ መምህር፣ የኒውተንን ያሰርዙት። በ1727 ሲሞት ቃሉ ገና አልተፈጠረም። በዘመኑ መጠሪያው «የተፈጥሮ ፈላስፋ» ነበር። ቃሉን የፈጠረው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ዊሊያም ሂዩኤል ነው። በ1833 የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር እዚያ ሲሰበሰብ፣ ገጣሚው ኮልሪጅ አባላቱ ራሳቸውን «ፈላስፋ» ማለታቸውን ተቃወመ፤ ስሙ ከፍ ብሎባቸዋል ባይ ነው። ያን ጊዜ ሂዩኤል «አርቲስት እንደምንል ሳይንቲስት ብንልስ?» አለ። የወደደለት ግን ብዙም አልነበረም።

ሎሚ፦ እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ለሳይንስ ጸሐፊዋ ለሜሪ ሶመርቪል ተብሎ የተፈጠረ ነው ይባላል፤ ሴት ስለሆነች የተለመደው የወንድ አጠራር አልሆን ብሏት።

መዝገበ ቃላት፦ እኅቴ፣ ወሬው በሰፊው ይነገራል፤ መነሻውም አለው። ቃሉ መጀመሪያ የታተመው በ1834 ሂዩኤል በእርሷ መጽሐፍ ላይ ባወጣው ሂስ ውስጥ ነው። ታሪኩ ግን የዚያው የወንዶች ስብሰባ ነው። ስሙን ሳይጽፍ «አንድ ብልህ ሰው ሐሳብ አቀረበ» ይላል፤ ብልሁ እርሱው ራሱ መሆኑ ነው! በ1840 ግን በራሱ መጽሐፍ በቁም ነገር ደገመው፤ «ፊዚሲስት»ንም (የፊዚክስ ሊቅ) አብሮ አቀረበ።

የኬሚስትሪ ሰው፦ ተማሪዎችዎ በቤተ ሙከራ የሚሏቸውን «አኖድ»ና «ካቶድ»ም (የኤሌክትሪክ ጅረት የሚገባበትና የሚወጣበት ጫፍ) ለኤሌክትሪክ ተመራማሪው ለፋራዴይ የመረጠለት ይኸው ሰው ነው። ቦታ ከተረፈ ስለ ሙከራም ጨምሩበት፤ «ኤክስፐሪመንት» እና «ኤክስፐርት» መሞከር የሚል ትርጉም ካለው አንድ የላቲን ግሥ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። አደጋ ማለት የሆነው «ፔሪል»ም ዘመዳቸው ነው። አሲድ የደፋ ተማሪ ዝምድናውን ለማመን አይቸገርም።

መምህሩ ከደብረ ብርሃን፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሶመርቪልንም ወሬ ከነማረሚያው አስገባዋለሁ፤ ልጃገረዶቹ መጠየቃቸው አይቀርም።

ሎሚ፦ ዓመቶቹ ላይ «እ.ኤ.አ.» ማለትን አይርሱ። አለዚያ 1834ን በእኛ አቆጣጠር ያነቡታል፤ በእኛ 1826 ግድም ነው።