መብራት ሄዶ ሲመጣ የኮምፒውተሬ አይፒ ይቀየራል

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 10 ዴስክቶፕ ላይ ሼር ያደረግኩትን ፎልደር ቤተሰቡ በአይፒው (በኔትወርክ አድራሻ ቁጥሩ) 192.168.1.5 ይከፍተዋል። መብራት ሄዶ ራውተሩ ሲነሳ ግን ቁጥሩ ይቀየራል። 5ን በእጅ ሳስገባ ደግሞ የአይፒ ግጭት አለ ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
5 ራውተሩ በዲኤችሲፒ (ለመሣሪያዎች ቁጥር በራሱ በሚሰጥበት አሠራር) ከሚያድላቸው ቁጥሮች አንዱ ስለሆነ ለአንዱ ስልክ ሰጥቶታል ማለት ነው። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለህ ግባና የዲኤችሲፒውን ክልል እይ። ከ2 እስከ 254 ከሆነ ከ100 እስከ 200 አድርገው፤ ለኮምፒውተሩ ከክልሉ ውጭ ያለውን 192.168.1.50 በእጅ ስጠው። ጌትዌዩ (መውጫው፣ ማለትም ራውተሩ) 192.168.1.1፣ ዲኤንኤሱ (የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አይፒ የሚተረጉመው) 8.8.8.8 ይሁን። ብዙ ሰው የሚቸገረው «ሰብኔት ፕሪፊክስ ሌንግዝ» የሚለው ጋ ነው፤ እዚያ የሚጻፈው 255.255.255.0 ሳይሆን 24 ነው፣ አለበለዚያ ሴቭ አያደርግልህም።

መልስ 2፦
እኔ ቁጥሩን ራውተሩ ላይ ለኮምፒውተሩ ማስያዙን እመርጣለሁ፤ ሁሉም ቁጥር አንድ ቦታ ይታይሃል። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል (ipconfig /all) ብለህ «ፊዚካል አድረስ» ፊት ያለውን ባለ 12 ሆሄ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) ውሰድና ራውተሩ ላይ «አድረስ ሪዘርቬሽን» ውስጥ ከ192.168.1.50 ጋር አስገባው። የኬብሉና የዋይፋዩ ማክ ይለያያል፣ ተጠንቀቅ። በዋይፋይ ከሆነ ማኩን የሚቀያይረው «ራንደም ሃርድዌር አድረስ» ይጥፋ።

ጠያቂው፦
በኬብል ነው። አስያዝኩት፣ ግን አሁንም 5 ላይ ነው።

መልስ 2፦
በእጅ ያስገባኸው አልጠፋም ማለት ነው። መጀመሪያ ወደ አውቶማቲክ ዲኤችሲፒ መልሰው፣ ከዚያ ኬብሉን ነቅለህ ሰካው። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ከመጣ ግን ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ኬብሉን ፈትሽ።