«ልብ ወለድ የቡና ቁርስ ነው» ላለው ወንድማችን

እናት ዘሦስት (ደብረ ማርቆስ)፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ቤት ስለሚማሩ ልጆች ስናወራ «ሥነ ጽሑፍን እንዴት እናስተምራቸው?» ብየ ጠየቅሁ። አንድ ወንድማችን ምን አለኝ? «ልብ ወለድ የቡና ቁርስ ነው፤ ልጅሽን ሂሳብ አሠሪያት።» ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም። ልጄ የ10ኛ ክፍል ዕድሜዋን ግድግዳ እያየች ነው የገፋችው። ጠዋት ሂሳብ አለ፣ ፊዚክስ አለ፣ አባቷ ያሠራታል። ከሰዓት ግን ቤቱ ጭጭ ነው። አራት ቤት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎን ሰብስበን፣ ቡና አፍልተን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማስነበብ ከጀመርን ወዲህ ነው ድምፅዋን የሰማሁት። ያለን አንድ መጽሐፍ ነው። ጀርባው ተገንጥሎ ሲወላልቅብን አራት ቦታ ከፍለን በሹራብ ክር አሰርነው። ማንም ቀድሞ እንዳይጨርስ እያንዳንዱ ጥራዝ የተለያየ ቤት ነው የሚቀመጥ። ባለተራው ይዞ ይመጣል፣ እየተቀባበሉ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ከዚያ ጠብ ነው። ባለፈው በመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ በጉዱ ካሣ ምክንያት ሁለት ልጆች ተኳርፈው ሄዱ። ደስ አለኝ እኮ! ስንት ጊዜ ሆናቸው ከእኩያ ጋር ከተኳረፉ?

ሂሳብ ይቅደም፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። እታለም፣ ተቆጣሽ እንጅ መልስ አልሰጠሽኝም። 12ኛ ላይ አማርኛ ይፈተናል? አይፈተንም። ሂሳብ ይፈተናል፣ እንግሊዝኛ ይፈተናል። ስንት ጊዜ ከክፍል የራቀ ልጅ በምን ቀኑ ነው ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ሲከራከር የሚውል? ደግሞ መጽሐፍ ገነጣጥሎ በክር ማሰር እንደ ጀብዱ ሲወራ ገና አሁን ሰማሁ።

ቡሬ በርበሬ፦ የቡና ቁርስ ስትል ቆሎ ነው ፈንዲሻ? ይለያያል። ቆሎ ጥርስ ይፈልጋል።

እናት ዘሦስት፦ አልገነጣጠልነውም፣ ተገንጥሎ ነው ያሰርነው! አንብበህ ተሳደብ።

የዲማ ተማሪ፦ እኔን የገረመኝ ጎጃም ላይ ቁጭ ብሎ ሥነ ጽሑፍን ቁርስ ማለት ነው። ዋሸራ የማን ነው? ጎንጅስ? ዲማስ? ቅኔ ቤት ማለት እኮ ትምህርቱ ራሱ ጨዋታ የሆነበት ቦታ ነው። ጉባኤ ቃና፣ አጭሯ የቅኔ ዓይነት፣ ሁለት ቤት (ሁለት ስንኝ) ናት። ለሁለት ቤት ቀኑን ሙሉ ተጨንቀህ ማታ ለመምህሩ ስትነግር ባልንጀራህ አጠገብህ ቁሞ ይሰማሃል፤ ቤት ከሰበርህ አለቀልህ፣ ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ነህ። በነጋታው አጥብቀህ ትቆጥራለህ፣ ቅኔህን አስበህ ትደርሳለህ ማለት ነው። ልጆቻችንን በዚህ መንገድ ማስተማር ከየትም የመጣ ፈሊጥ አይደለም።

ሂሳብ ይቅደም፦ አንተ ቅኔ ቤት ደጅ ያለፍህም አትመስል። የቅኔ ተማሪ ለቆጠራ ብቻውን ነው ዛፍ ሥር የሚውል። ሰው ካናገረው ይቆጣል። የት አለ ቡናው? የት አለ ሳሎኑ?

የዲማ ተማሪ፦ ቆጠራው ነዋ ብቻውን! ነገራው ሰው ፊት ነው። ሰው ያልሰማውን ቅኔ ማን ሰምና ወርቁን ይለይልሃል? አንተ ግማሹን ይዘህ ትሮጣለህ።

ፍኖተ ሰላም ነኝ፦ ይቅርታ፣ ስለ ቅኔ ቤት እንዲህ ስታሞጋግሱ ሴት ልጅ የት ነበረች? እዚህ የምናወራው ቤት ስለቀረች ልጅ ነው።

የዲማ ተማሪ፦ እማሆይ ገላነሽን የምታውቂ መስሎኝ። ዓይናቸው ሳያይ እዚሁ ጎጃም ወንበር ዘርግተው ስንቱን ወንድ ቅኔ አስተማሩ።

ፍኖተ ሰላም ነኝ፦ አውቃለሁ። ሁልጊዜ እሳቸውን አንድ እናት ትጠሩና ጉዳዩ ይዘጋል። ሁለተኛዋን ጥራልኝ እስቲ።

ቡሬ በርበሬ፦ 🍿 ፈንዲሻ ነው፣ ወስኛለሁ።

አባ ወራው (ባሕር ዳር)፦ ወደ ጉዳዩ ብንመለስ። እኔ ዘንድ ሁለት ወንዶች አሉ፤ አንዱ 15፣ አንዱ 17። ትልቁ ከስልኩ አይነሳም፣ ትንሹ አይናገርም። መንገድ ሲዘጋ መሰብሰብ ስለማይቻል አንድ ምዕራፍ አንብበው በቴሌግራም ድምፅ እንዲላላኩ አደረግን፣ ከአክስታቸው ልጆች ጋር። ሕጉ አንድ ነው፦ «ጥሩ ነው» ማለት ክልክል። ወይ ገጸ ባሕርዩን ትከሳለህ ወይ ጠበቃ ትቆምለታለህ። ያ የማይናገረው ልጅ ገበሬዎቹን ለአመፅ የመራው አበጀ በለው ፊታውራሪን መማረኩ ልክ ነው ብሎ አራት ደቂቃ ሙሉ ተናገረ። አራት ደቂቃ! እኔ በዓመት ያን ያህል አላናገረኝም። ኢንተርኔት በጠፋበት ጊዜ ደግሞ ሚሞሪ ካርድ ነበር የሚመላለሰው፣ በባጃጅ ሹፌር በኩል። ድሮም ቢሆን ሰው ይህን መጽሐፍ በጆሮው ነው ያነበበው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤት ተጠራርቶ አልነበር የሚሰማ?

ሂሳብ ይቅደም፦ አራት ደቂቃ ስለ አመፅ። በዚህ ጊዜ። በርታ ወንድሜ።

አባ ወራው፦ ነገር አትፈልግ።

ቲቸሩ፦ እናንተ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰብለ ወንጌል ራሷ የት ነው የተማረችው? ትምህርት ቤት ሂዳ? አባቷ ቤት ተቀምጣ፣ በዛብህ እየመጣ እያስተማራት አይደል? መጽሐፉ እኮ ቤት ስለምትማር ልጅ ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩት ዓይናቸው ይበራል። እኔ የማስጠናቸው ልጆች ሰብለ ለጓደኛዋ ደብዳቤ ብትጽፍ ምን ትል ነበር ብየ ሳጽፋቸው የራሳቸውን ጉድ ነው የዘረገፉት። ጓደኛ የላትም ያለችኝ ልጅ አለች። «ታዲያ ለማን ትጽፋለች?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ሂሳብ ይቅደም፦ ጥሩ አድርገህ አነሳህልኝ! የቤት ትምህርት መጨረሻው ይኸው ነው። ፊታውራሪ ለልጃቸው አስተማሪ ቀጠሩ፣ ልጅቷ አስተማሪውን ወደደች። እናንተ ደግሞ ወንድና ሴት ጎረምሳ አንድ ሳሎን ሰብስባችሁ የፍቅር መጽሐፍ ታስነብባላችሁ። አይ ብልሃት!

ቡሬ በርበሬ፦ ቆይ፣ ይህ ሰውየ መጽሐፉን አንብቦታል ማለት ነው። ቁርሱን በልቶ ነዋ የሚሳደበው!

ሂሳብ ይቅደም፦ ማን አላነበብኩም አለ? 11ኛ ክፍል ሳለሁ፣ በኩራዝ፣ ብቻየን ነው የጨረስሁት። ማንም ቡና አላፈላልኝም። ማንም በክር አስሮ ተራ አላወጣልኝም።

እናት ዘሦስት፦ ስትጨርስ ለማን ነገርኸው?

ሂሳብ ይቅደም፦ ለማን እነግራለሁ? የሚያነብ ሰው አልነበረም በአካባቢው።

እናት ዘሦስት፦ እሱን እኮ ነው የምልህ።

ሂሳብ ይቅደም፦ ወደ አንጀት መብላት አትውሰጅው። ጥያቄየ ፈተና ነው። ሆድ ማባባት ውጤት አያመጣም።

ቲቸሩ፦ ፈተና ካልክ እሽ። በጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት ልብ ወለድ ሲያነቡ ነው የወደቁት? ሂሳብ ይቅደም ስንል ነው የኖርነው። ልጁ የሂሳቡን ጥያቄ ራሱን አንብቦ አይረዳውም። የእንግሊዝኛውን ምንባብ ሁለተኛው መስመር ላይ ይተወዋል። ረጅም ነገር ይዞ መቀመጥ አልለመደም።

ሂሳብ ይቅደም፦ ስለዚህ አማርኛ ልብ ወለድ ሲያነብ እንግሊዝኛ ይገባዋል። ሎጂክህን አሳየን ቲቸር።

ቲቸሩ፦ እንደሱ አላልኩም።

ሂሳብ ይቅደም፦ ብለሃል፣ ከፍ ብለህ አንብበው።

ፍኖተ ሰላም ነኝ፦ ሁለተኛዋ እናት እስካሁን አልተጠራችም፣ ላስታውስ ብየ ነው።

የዲማ ተማሪ፦ እየፈለግሁ ነው፣ አትቸኩይ።

ሂሳብ ይቅደም፦ ለማንኛውም እኔ ቃሌን አልለውጥም። የቡና ቁርስ ነው። በዛብህ ያን ያህል ተምሮ፣ ቅኔውን ዘርፎ፣ ድምፁ ሰው አስለቅሶ፣ ምን አተረፈ? መጨረሻው መሞት አይደል?

እናት ዘሦስት፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ልጇ ነኝ፣ በእማየ ስልክ ነው የምጽፍ። በዛብህ ይሞታል????

እናት ዘሦስት፦ ገና ሁለተኛው ጥራዝ ላይ ነን እኮ!!

ቡሬ በርበሬ፦ ልጄ፣ ርዕሱ «እስከ መቃብር» ይላል።

እናት ዘሦስት፦ የማን መቃብር እንደሆነ አይልማ! እኔ ፊታውራሪው መስሎኝ ነበር። ተወራርጀ ነበር እኮ።

አባ ወራው፦ ሂሳብ ይቅደም፣ ምን አደረግህ አሁን? የኔ ትንሹም እዚህ ግሩፕ ውስጥ አለ።

ሂሳብ ይቅደም፦ ለቡና ቁርስ ይህ ሁሉ ለቅሶ?

እናት ዘሦስት፦ አሁን እናትየዋ ነኝ። ወንድሜ፣ ያችን ኮሜንት አጥፋት። አራተኛውን ጥራዝ የያዘው ልጅ አላያትም ገና።

ሂሳብ ይቅደም፦ አላጠፋም።