ምሳው ቢሮ እስኪደርስ እንጀራው ይርሳል

አዲስ አበባ ውስጥ ከቤቴ ማዕድ ቤት ለቢሮ ሠራተኞች የጾም በያይነቱ እየሠራሁ መሸጥ ጀምሬያለሁ። ያለኝ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የጋዝ ምድጃና ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃዎች ናቸው። ምስር ወጡን፣ ጎመኑንና ሽሮውን 4 ሰዓት ላይ አሽጌ በሞተር ብስክሌት እልካለሁ፤ የሚበላው 6 ሰዓት ተኩል ነው። ትኩሱን ስከድነው እንፋሎቱ ከክዳኑ ይንጠባጠብና እንጀራው ይርሳል፤ ሽሮው ያረፈበትማ በእጅ አይነሣም። አብርጄ ስልከው «ቀዘቀዘ» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ የቀዘቀዘ ሽሮ እኔም አልበላም። ክዳኑን ብበሳው ወጡ መንገድ ላይ ፈሰሰ። እንጀራውን ለብቻው ጠቅልዬ ብልክ ደግሞ ቢሮ ውስጥ የሚያቀርቡበት ትሪ የላቸውም። ወጡ ሳይቀዘቅዝ እንጀራውም ሳይርስ እንዲደርስ በምን ዓይነት ዕቃ፣ እንዴት አድርጌ ላሽገው?