ብሽሽት ላይ ምንም ሳይዳሰስ ሊምፍ ኖድ (የሊምፍ ዕጢ) ማውጣት የወንድ ብልት ካንሰር ታካሚን ዕድሜ ያስረዝማል?

ሬዚደንት_ቀዶ
ሰላም ዶክተሮች። የብልት ጫፍ ላይ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ (ከቆዳ ሴል የሚነሣ ካንሰር) ወጥቶበት ብልቱ በከፊል የተቆረጠ ታካሚ አለ። ፓቶሎጂው ፒቲ2 (ወደ ብልቱ ውስጠኛ ስፖንጅ አካል የገባ)፣ ግሬድ 2 (መካከለኛ ክፋት ያለው)፣ ጠርዙ ንጹሕ ይላል። ብሽሽቱ በሁለቱም በኩል ንፍፊት የለውም፤ ሲቲ ስካኑም ያበጠ ሊምፍ ኖድ አላሳየም። ግማሾቻችን «በየሦስት ወሩ እየጠራን እንዳስሰው፣ ከወጣ ያኔ እናወጣዋለን» እንላለን፤ ሌሎቹ አሁኑኑ ሁለቱም ብሽሽት ይከፈት ባይ ናቸው። ለሰንቲነል ኖድ ባዮፕሲ (ካንሰሩ መጀመሪያ የሚደርስበትን ኖድ ለይቶ አውጥቶ መመርመር) የሚያስፈልገው ራዲዮአክቲቭ መድኃኒትም ጋማ ፕሮብም የለንም። መጠበቁ የምር ዕድሜ ያሳጥራል ወይ? ከተከፈተስ እስከየት ነው የሚወጣው?

ዩሮ_አንጋፋ
ያሳጥራል። በዚህ በሽታ ታካሚው መትረፍ አለመትረፉን ከምንም በላይ የሚወስነው የብሽሽቱ ሊምፍ ኖድ ነው። ብሽሽታቸው ሲዳሰስ ንጹሕ ከሆነ ታካሚዎች መካከል ከአራት ወይም ከአምስት በአንዱ ላይ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ካንሰር ተደብቆ ይገኛል። ሲቲ የሚያየው መጠንን ነው፤ ባላበጠ ኖድ ውስጥ ያለ ጥቂት ሴል አይታየውም። ንጹሕ ሲቲ አያዘናጋችሁ።

ከኔዘርላንድስ ካንሰር ተቋም በ2005 የወጣውን ጥናት ተመልከቱ። ቲ2 እና ቲ3 የነበሩ፣ ኖዳቸው ውስጥ ካንሰር የተገኘባቸው 40 ታካሚዎች ናቸው። ለግማሾቹ በክትትል ላይ እያሉ ንፍፊቱ ሲወጣ፣ ለግማሾቹ ደግሞ ገና ሳይዳሰስ በሰንቲነል ባዮፕሲ ተገኝቶ ነው ቀዶ ሕክምናው የተደረገው። ሦስት ዓመት ላይ ካንሰሩ ያልገደላቸው ከፊተኞቹ 35 በመቶ፣ ከኋለኞቹ 84 በመቶ ነበሩ። በዕጣ የተመደቡ ስላልሆኑ ቁጥሩን በጥንቃቄ ያዙት። ልብ በሉ ግን፣ እነዚያ የጠበቁት ሰዎች ጥብቅ ክትትል ላይ ነበሩ። ከገጠር አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚመጣ ታካሚ አንድ ቀጠሮ ቢዘል ኖዱ ቆዳ ሰብሮ ሊመለስ ይችላል።

መጠበቅ የሚያስኬደው ገና ጥልቀት ላልያዙት ደረጃዎች፣ ለቲአይኤስ፣ ለቲኤ እና ለቲ1ኤ ግሬድ 1 ነው፣ እሱም ታካሚው በቀጠሮው የሚመጣ ከሆነ። የበለጠ አደገኛ ከሆነው ከቲ1ቢ ጀምሮ የናንተን ቲ2 ጨምሮ ኖዱ በቀዶ ሕክምና መታየት አለበት። ሰንቲነል ከሌለ የብሽሽት ሊምፍ ኖድ ማውጣት ነው፣ በሁለቱም በኩል፤ የብልት ሊምፍ መሐል ላይ ተሻግሮ ወደ ሁለቱም ጎን ይፈሳልና።

ሰርጂካል_ኦንኮ
በዩሮ_አንጋፋ ሐሳብ ላይ ስለ ቴክኒኩ ልጨምር። ለማይዳሰስ ብሽሽት ካታሎና የተባለው ሐኪም በ1988 ያሳተመው የተሻሻለው አሠራር ይበቃል፦ ከጭኑ ትልቅ ደም ቅዳ ወደ ውጭ አትሄዱም፣ ከፎሳ ኦቫሊስ (የጭኑ የላይኛው ደም መልስ ወደ ጥልቁ የሚገባበት ቀዳዳ) በታች አትወርዱም፣ ሳፊነስ የተባለው ደም መልስ ይተርፋል፣ ሳርቶሪየስ ጡንቻም ከቦታው አይነሳም። ሳፊነስን ማትረፍ የእግር እብጠትን ይቀንሳል። ፍሮዘን ሴክሽን (በቀዶ ሕክምናው መሐል ናሙናውን አቀዝቅዞ ወዲያው ማየት) ካንሰር ካሳየ በዚያ ጎን ሙሉው ይወጣል፤ ያኔ ሳርቶሪየስን አዙሮ ደም ሥሮቹን መሸፈን ተገቢ ነው፣ ቆዳው ቢሞት ደም ቅዳው እንዳይጋለጥ።

ቁስሉን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የቆዳው መሳሳት ነው። የዚያ አካባቢ ቆዳ ደም የሚያገኘው ከስካርፓ ፋሻ (ከቆዳ ሥር ያለ ስስ ሽፋን) በላይ ባለው ስብ ውስጥ ከብሽሽት ጅማት ጋር ትይዩ ከሚሄዱ ጥቃቅን ሥሮች ነው። ስለዚህ ከጅማቱ 2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ በትይዩ ቁረጡ፣ ከፋሻው በላይ ያለውን ስብም ከቆዳው ጋር ተዉት። «ሁሉንም ላጽዳ» ብሎ ስቡን የገፈፈ ሰው በሳምንቱ የጠቆረ ጠርዝ ያያል። የሊምፍ ቱቦዎችን እሰሩ ወይም በክሊፕ ያዙ፤ በኮተሪ (በኤሌክትሪክ ማቃጠያ) ብቻ ከተቃጠሉ ይፈስሳሉ። ድሬይኑ (የፈሳሽ ማስወጫ ቱቦው) በ24 ሰዓት ከ50 ሚሊ ሊትር በታች እስኪወርድ ይቆይ፤ አልጋ ለማስለቀቅ ተቻኩሎ ማውጣት ሴሮማን (ከቁስሉ ሥር የሚጠራቀም ፈሳሽ) መጥራት ነው።

ሬዚደንት_ቀዶ
እናመሰግናለን። ፍሮዘን የለንም። ደግሞ እኛ ጋ ብዙ ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ለእነዚያ መጀመሪያ ስድስት ሳምንት አንቲባዮቲክ እንስጥ?

ዩሮ_አንጋፋ
ያ የድሮ ልማድ ነው፣ ተዉት። በባዶ እግር በሚኬድበት፣ ፖዶኮኒዮሲስና (በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት) የሊምፍ ቲቢ ባለበት አገር ንፍፊት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ለይቶ የሚነግራችሁ ግን ኤፍኤንኤ (በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ) እንጂ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ አይደለም። ቲቢ ከሆነም መርፌው ያሳያል። ኤፍኤንኤው ንጹሕ ቢል፣ ኖዱ ግን አጠራጣሪ ከሆነ ይደገም ወይም ኖዱ ወጥቶ ይታይ። ተጣብቆ የማይንቀሳቀስ ወይም በጣም ትልቅ ከሆነ በቢላዋ አትጀምሩ፤ ጤናው ለሚፈቅድለት ሰው ፓክሊታክሰል፣ አይፎስፋማይድና ሲስፕላቲን የተባሉት የካንሰር መድኃኒቶች አራት ዙር፣ ከቀነሰ ቀዶ ሕክምና። በ2010 በታተመው የ30 ታካሚዎች ሙከራ ግማሹ ምላሽ ሰጥቷል።

ፍሮዘን ከሌለ የተሻሻለውን ሠርታችሁ ፓቶሎጂውን ጠብቁ፤ ካንሰር በተገኘበት ጎን በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሙሉውን ታወጣላችሁ። የግራና የቀኙን ኖድ በየብልቃጡ ለይታችሁ ላኩ። በአንድ ዕቃ ተቀላቅሎ የሄደ ናሙና ለደረጃ አሰጣጥ አይሆንም። ሪፖርቱ ላይ ስንት ኖድ እንደተቆጠረ፣ ስንቱ ካንሰር እንዳለበት፣ ከኖዱ ሽፋን ወጥቶ እንደሆነ መጻፍ አለበት። በአንድ ጎን ከ7 ወይም 8 በታች ከተቆጠረ ፓቶሎጂስቱን ስቡን እንደገና እንዲፈልግ ለምኑት።

ሪፖርቱ ቀጣዩን ይወስናል። በአንድ ጎን አንድ ወይም ሁለት ኖድ ብቻ ሆኖ ከሽፋኑ ካልወጣ ፒኤን1 ነው፣ የአምስት ዓመት መትረፉ ከ79 እስከ 89 በመቶ ይጠቀሳል። ሦስትና ከዚያ በላይ፣ ወይም በሁለቱም ጎን ከሆነ ፒኤን2፣ ከ17 እስከ 60። ከሽፋኑ ከወጣ ወይም ዳሌ ውስጥ ከገባ ፒኤን3፣ ቢበዛ 17። በአንድ ጎን ሦስት ከደረሰ ወይም ሽፋኑን ከሰበረ በዚያው ጎን የዳሌው ኖድም ይወጣል።

ኦንኮ_ነርስ
ከዋርድ በኩል፦ ሲተኛ እግሩ ከፍ ይበል፣ ቶሎ ተነሥቶ ይራመድ፣ የደም መርጋት መከላከያ መርፌው አይዘለል፣ መጭመቂያ ካልሲው ቁስሉ ሲፈቅድ ይጀመር። ቤት ሲሄድ ድንገት አንድ እግሩ ካበጠና ካመመው የሊምፍ እብጠት ነው ብሎ እንዳይቀመጥ ንገሩት፤ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። ቀጠሮው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስት ወሩ ነው፤ ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ።